የቢምላ ድምፅ

«በሩን ክፈቱላቸው» አለች ቢምላ።

ማንም ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። ከአጥሩ ውጭ ስምንት ሴቶች ዝናብ እየወረደባቸው፣ የተጠቀለለ ሰሌን ታቅፈው ቆመዋል። ከወንዙ ማዶ፣ ከአገሩ ነባር ተወላጆች ከፊጂዎቹ መንደር ነው የመጡት። የቢምላ ባል ራምላጋን ሸንኮራ ሲቆርጥ ወድቆ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው፤ በረንዳው ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ግን እስካሁን ሁሉም እንደሷ አያቶቻቸው ከህንድ የመጡ የሸንኮራ ገበሬዎች ነበሩ።

«እትዬ ቢምላ» አለ የሟች ታናሽ ወንድም ሺቭናት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሬዎቻችሁን የነዱት የነዚህ ልጆች አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ወንድምህም ያውቅ ነበር።»

ተነሥታ በሩን ራሷ ከፈተች።

በሬዎቹ የተነዱት ከብዙ ዓመት በፊት፣ በግርግሩ ጊዜ ነበር። እነቢምላ የመረጡት መንግሥት በጠመንጃ በወረደ ሰሞን፣ የማዶ ጎረምሶች ሁለቱን በሬዎች ከበረት አውጥተው ነዷቸው። ግማሹ ጎረቤት ዕቃውን ጠቅልሎ ከተማ ገባ። ራምላጋን ግን በሦስተኛው ቀን ብቻውን ወንዙን ተሻገረ። ቢምላ በሕይወት አይመለስም ብላ ስታለቅስ ዋለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዱን በሬ እየጎተተ መጣ።

«ሌላውስ?»

«ተበልቷል» አላት እየሳቀ። «ይቅርታ ብለው ሥጋውን ለኔው አቀረቡልኝ! ለህንድ የበሬ ሥጋ!»

ከዚያ ወዲህ የመራጮች ምዝገባ በመጣ ቁጥር ጫማውን በእጁ ይዞ ወንዙን እየተሻገረ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። ድሮ መዝገቡም በዘር ነበር፤ ህንዱ ለብቻ፣ ፊጂው ለብቻ። መዝገቡ አንድ የሆነ ጊዜ ራምላጋን ልጅ እንደዳረ ሰው ፈነጠዘ። ወገኖቹ «የማዶው አማች» እያሉ ያሽሟጥጡት ነበር። የገዛ ሚስቱ ደግሞ ከግርግሩ ወዲህ ለምርጫ ተሰልፋ አታውቅም። «አንዴ የመረጥኩትን ነጥቀውኛል፤ ሁለተኛ አልሞኝም» ትለዋለች። እሱም ሳይከራከር ያስመዘግባታል።

ሴቶቹ ሰሌናቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ትልቋ፣ ሎሳሊኒ፣ ወደ ቢምላ ጠጋ አለች።

«ረቡዕ ምርጫ ነው። ትመጫለሽ?»

«አሥራ ሦስት ቀን ሳይሞላ ከቤት አልወጣም። ደንባችን ነው።»

«ባለፈው ሳምንት ‹ሚስትህስ?› ስለው ‹ዘንድሮ ትመጣለች› አለኝ።»

«ቃል አልሰጠሁትም!»

«እኔም ‹ውሸትህን ነው› ብዬዋለሁ።»

ቢምላ ሳቀች። ባሏ ከሞተ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች፤ ሳትጨርሳትም ለቅሶ ሆነችባት። ሎሳሊኒም አብራት አለቀሰች። ሺቭናት ተነሣና ወደ ጓዳ ገብቶ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጣ።

«ስኳር ላብዛ?» አላት ሎሳሊኒን፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

በአሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ቢምላ ነጭ ሳሪዋን ለብሳ ስትወጣ አክስቶቿ ደጃፉ ላይ ከበቧት።

«ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። የሞተው የኔ ባል ነው፤ ደግሞም ትመጣለች ብሎ ተናግሯል።»

የትምህርት ቤቱ ግቢ ከወዲያም ከወዲህም በመጣ ሰው ተሞልቷል። ሰልፉ አንድ ነው። ቢምላ መጨረሻ ላይ ገብታ ቆመች። ሰልፉ ቀስ እያለ ሲጓዝ ከኋላዋ የመጣ ሰው ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ሎሳሊኒ ናት።

«ከፊትሽ ሰው አለ እንዴ?»

ቢምላ ያኔ አየችው። ሳታውቀው ከፊቷ የአንድ ሰው ቦታ ትታለች። ባዶውን መሬት ጥቂት ተመለከተችው።

«የለም» አለች። የሎሳሊኒን ክንድ ያዘችና ቦታው ላይ አቆመቻት።