ፎቅ ያላት ጀልባ

ማህሌት የተማረችው የባቡር ምህንድስና ነው። ባሕር ዳር የመጣችውም ባቡሩ ይመጣል ተብሎ ነበር። እሷ ደረሰች፤ ባቡሩ ግን መንገድ ላይ ቀረ። የት እንደቀረ የሚነግራት ሰው እስኪገኝ ፋሲሎ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች። ስትጠብቅ ስትጠብቅ ጊዜው ነጎደ፤ በመጨረሻም የእንጀራ ነገር ነውና አንድ የጀልባ ማኅበር ውስጥ ገባች። የወደቡ ሰዎች ታሪኳን ሲሰሙ ስም ለማውጣት አልዘገዩም፤ «ባቡሯ» አሏት። መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፤ ኋላ ግን ራሷም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ባቡሯ ነኝ» ማለት ጀመረች። ሰው ከስሙ ጋር ተጣልቶ የት ይደርሳል?

የባሕር ዳርና የደቅ ደሴት መስመር ግን ቀልድ አልነበረም። ጀልባዋ በመጣች ቁጥር ወደቡ ላይ ግፊያ ነው። ልጇን ደቅ ትታ የመጣች እናት፣ ዶሮ የታቀፈ ገበሬ፣ ለኪዳን የሚቻኮል ካህን፣ ሁሉም አንዲት ጀልባ ላይ ዐይኑን ተክሏል። ግማሹ ይሳፈራል፤ ግማሹ ቋጠሮውን ተንተርሶ ወደቡ ዳር ያድራል። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ አንዳርጋቸው ሌላ ጀልባ መግዛት የማይታሰብ መሆኑን ከተናገሩ በኋላ ማህሌትን ጠርተው፣ «አንቺ ይህን የመጫን አቅም የሚባለውን ነገር ተምረሽ የለ? በይ አሳድጊልን» አሏት። «ከደብረ ገነት ንግሥ በፊት ይድረስ» የምትለዋን መጨረሻ ላይ ጣል አደረጓት።

እሷም አሳደገችው። አሮጌዋን ጀልባ ፎቅ ሠራችላት፤ የብረት ምሰሶ፣ የጣውላ ወለል፣ ዙሪያውን መደገፊያ፣ ከኋላ አንዲት ጠባብ መሰላል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና ስሌቷን ደጋግማ አይታዋለች። ታች ሰው ሞልቶ ላይም ሰው ሲሞላ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ባሕር ዳር ፊት ለፊት ሞክረዋትም ሄዳለች።

የንግሡ ዕለት ጀልባዋ ጢም ብላ ተነሣች፤ ወደቡ ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። አቶ አንዳርጋቸው በስልክ፣ «ዛሬ ካማረልን ለሌሎቹም ፎቅ እንሠራለን» ብለው መርቀዋታል። ማህሌት የሥራዋን ፍሬ ልታይ ታች፣ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ናቸው፤ ሁለት እጃቸውን የወይራ ምርኩዝ ላይ ደርበው ውሃ ውሃውን ያያሉ።

የሚሄዱት ደብረ ገነት ነው፤ ከደቅ ፊት ለፊት ያለች፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ የሸፈናት ትንሽ ደሴት። ደሴቷን ሴት አትረግጣትም። ወንዶቹ ወርደው ሲሳለሙ ሴቶቹ ጀልባዋ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ሲያበቃ አንድ አባት እስከ ውሃው ዳር ድንጋይ ወርደው በመስቀል ይባርኳቸዋል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሥርዓት ነው፤ የሚያጉረመርም የለም።

«የሚባርኩን አባ ፍሬ ስብሐት ወንድሜ ነው» አሏት እማሆይ። «አዝዬ ያሳደግሁት። አሁን በአት ዘግቷል፤ ከንግሥ እስከ ንግሥ አይወጣም፣ የዓለም ወሬም አይነገረውም። በዓመት አንድ ጊዜ እኔ ይህችን ምርኩዝ ከፍ አደርጋለሁ፣ እሱ መስቀሉን ከፍ ያደርጋል። አለሁ እለዋለሁ፤ አለሁ ይለኛል። ያለችን ይህችው ናት።»

«ምርኩዝዎ ቆንጆ ናት» አለች ማህሌት።

«የአባታችን ነበረች። እሱ ሲያርፍ አንድ ዲያቆን ይዟት መጣ። እጁ ላይ ሳያት ጊዜ መርዶው ገባኝ፤ ቃል አልተናገረም። በእኛ ዘር እንዲያ ነው።»

ደረሱ። ክንዱ የሚባለው ካፒቴን የጀልባዋን ጎን ለድንጋዩ ሰጥቶ ዳርቻው ላይ ካለ ዋርካ ጋር አሰራት። የደሴቷ ዳርቻ ገደል ነው፤ ከድንጋዩ ፈቀቅ ካሉ እግር መሬት አያገኝም። ወንድ የተባለ ሁሉ ወረደ። ትኬት ቆራጩም ወረደ። ክንዱም ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ነጠላውን አመሳቅሎ ለበሰ።

«ጀልባዋንስ?» አለችው ማህሌት።

«ታስራለች፤ የት ትሄዳለች? ዓመት ጠብቄ ሳልሳለም ልመለስ ነው እንዴ?»

ወንዶቹ ዛፉ ውስጥ ገብተው ጠፉ፤ የታችኛው ወለልም ሰፊ ሆነ። ያን ጊዜ አንዲት ደፋር ሴት መሰላሉን ወጥታ፣ «ኧረ ኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ይታያል» አለች። ሴቶቹ እስከ ዛሬ ከታች ሆነው ያዩት የነበረው የዛፍ ግንድና የወንድ ጀርባ ነው። ልጆቻቸውን አዝለው፣ ቋጠሯቸውን አንጠልጥለው ወደ ላይ ጎረፉ፤ እማሆይም ወጡ፤ ማህሌትም ተከተለች። ሁሉም በደሴቷ በኩል ባለው መደገፊያ ላይ ተደራርበው አንገታቸውን አሰገጉ። እናቶቻቸው ሳያዩት ያለፉትን በር እያዩ አለቀሱ። ማህሌት ደስ አላት፤ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ አለች በልቧ።

ደስታዋ አልቆየም። ከአንዷ ቋጠሮ አንድ ሎሚ ወድቆ ጣውላው ላይ ወደ ደሴቷ በኩል ተንከባለለ፤ ጥግ ይዞም ቀረ። ጀልባ ማዕበል ሲነካት ታጋድላለች፣ መልሳም ትቃናለች። ይህቺ ግን አጋድላ ቀረች። አንዲት ሴት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ልታሳይ ወደ ፊት ስትገፋ ደግሞ ትንሽ ጨመረች።

ያኔ ገባት። ስሌቷ ሁሉ የቆመው ታች በተቀመጠው ሰው ላይ ነበር። ታች አሁን ሰው የለም፤ ያለው ሁሉ ላይ ነው፣ ያውም በአንድ ጎን። የባቡር ተሳፋሪ የፈለገበት ቢቀመጥ ሐዲዱ ይችለዋል፤ ውሃ ሐዲድ የለውም። ሴት እዚህ እንደማትወርድ አገር ያውቃል፤ እሷም ታውቅ ነበር፤ ስሌቱ ውስጥ ግን አላስገባችውም።

ብትጮህ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ሌላው ጎን ይሮጣል፤ ጀልባዋ በዚያ በኩል ትገለበጣለች። ዝም ብትል በዚህ በኩል ነው። ደሴቷን ረግጣ ክንዱን ልትጠራ ብትወርድ ሴቶቹ አይተው ይጮሃሉ፤ ጩኸቱም ያንኑ የፈራችውን ያመጣል። መግቢያም መውጫም አጣች። አጠገቧ ያለችውን ሴት፣ «እስቲ ቀስ ብለን ወደ ታች እንውረድ» ብትላት፣ ወይ ፍንክች። «አንቺ ውረጂ፤ እኔ መስቀሉን ሳላይ ንቅንቅ አልልም» አለቻት።

እማሆይ መደገፊያው ጥግ ላይ ምርኩዛቸውን አዘጋጅተው ቆመዋል። ማህሌት እየተሽሎከሎከች ደረሰችና በጆሯቸው አንሾካሾከች።

«እማሆይ፣ ጀልባዋ ልትገለበጥ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሴቶቹ እዚህ ከቆዩ እናልቃለን፤ ከሮጡም እናልቃለን። እኔን ደግሞ አይሰሙኝም።»

እማሆይ ወለሉን አዩ፤ ሎሚውን አዩ። ከዚያ በሩን አዩ። ዝማሬው እየረገበ ነበር።

«አሁኑኑ ነው?»

«አሁኑኑ።»

«ሊወጣ ነው እኮ፣ ልጄ።»

የማህሌት እንባ መጣ። እማሆይ ዐይናቸውን አንድ ጊዜ ጨፍነው ከፈቱና ጀርባቸውን ለደሴቷ ሰጡ።

«ልጆቼ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፤ «ዘንድሮ በረከቱን ታች ቁጭ ብለን ነው የምንቀበል። ጸጥ ብላችሁ ተከተሉኝ።»

የነጠላቸውን ጫፍ አጠገባቸው ላለችው ሴት አስያዙ፤ እሷም የራሷን ጫፍ ለቀጣይዋ። ሴቶቹ ይህን ያውቁታል፤ ጎሕ ሳይቀድ ጸበል ሲወርዱ እንዲህ ተያይዘው ነው፤ እንዲህ የተያያዘ ሰው ደግሞ አይሮጥም። ማጉረምረም ነበር። አንዷ «በሩን ገና ሳንጠግበው» ብላ አለቀሰች። ቢሆንም መነኩሲት አዝዛ እምቢ ያለ አልነበረም። መሰላሉ ጋ ሲደርሱ እማሆይ ሁለት እጃቸው አስፈለጋቸውና ምርኩዛቸውን ለማህሌት ሰጧት። «ያዢልኝ» አሏት።

ማህሌት በወዲያኛው ጎን ካለው መደገፊያ ጋር ተጣብቃ ላይ ቀረች፤ የሷ ክብደት እንኳ ይጠቅማል ብላ። ሴቶቹ በቀስታ ይወርዳሉ፤ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ጀልባዋ እንደማቃሰት ብላ ቀና ማለት ስትጀምር በሩ ተከፈተ።

አባ ፍሬ ስብሐት ወደ ድንጋዩ ወረዱ፤ ከሲታ፣ ፀሐይ ያልለመደው ፊት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ታች ያሉትን ሴቶች ውሃ እንዳይረጫቸው ዘንድሮ ፎቁ ሲሠራ በደሴቷ በኩል የተወጠረው ሸራ ጋርዷቸዋል። አባ ቀና ብለው ፎቁን አዩ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ፈለጉ። የማህሌት ልብ ተቃጠለ። እኚህ ሴት ዓመት የጠበቁትን ለእኔ ጥፋት ከፈሉ፤ ቢያንስ ይህችን ላድርግላቸው ብላ ምርኩዟን ከፍ አድርጋ ያዘቻት።

አባ ፍሬ ስብሐት ምርኩዟን አዩ። ከዚያ የያዘቻትን እጅ አዩ። መስቀሉ ከደረታቸው አልተነሣም። ኋላም መስቀሉን ዝቅ አድርገው ውሃውን ባረኩ፤ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ዞረው ወደ ዛፉ ገቡ።

ወንዶቹ ሲመለሱ ማህሌት መሰላሉን በገመድ አስራ ፊቱ ቆማ ነበር።

«ምነው ባቡሯ፣ ፎቁን ለጌጥ ነው እንዴ የሠራሽው?» አለ ክንዱ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይወጣበትም። ተሳስቻለሁ።»

ክንዱ ሊከራከራት ፈልጎ ነበር፤ የከሰዓቱ ነፋስ መነሣቱን ሲያይ ግን ሞተሩን አስነሣ። ሰው ሁሉ እንደ ድሮው ታች ተጠቅጥቆ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀመጠ። ማህሌትን ሕዝቡ ገፍቶ ገፍቶ እማሆይ ጎን ሸጎጣት። ምርኩዟን መለሰችላቸው።

«ወጣ?» አሉ እማሆይ።

«ወጡ።»

«ሲያጣኝ ከፍቶት ይሆናል።»

«አይ፣ ምርኩዝዎን እኔ ከፍ አደረግኩልዎት፤ አይተዋታል» አለች ማህሌት፣ ትንሽ ደስታ ልታቀብላቸው።

እማሆይ ቀስ ብለው ወደሷ ዞሩ።

«በአንቺ እጅ?»

«በእኔ እጅ።»

«መስቀሉን አነሣ?»

«አላነሡም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ገቡ።»

እማሆይ ምርኩዟን ጉልበታቸው ላይ አጋደሟት። የዲያቆኑና የመርዶው ነገር ማህሌት ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። «እንመለስ፤ ለክንዱ ልንገረው» ብላ ልትነሣ ሞከረች። ከግራም ከቀኝም ሰው ጨምድዷት መነሣት አልቻለችም።

«ወዴት ትመለሻለሽ? በአቱን ዘግቷል። ገብቶ አልሞተችም ብሎ የሚነግረው የለም።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞ ያሰንብተን። እሱንም፣ እኔንም።»

ከኋላቸው፣ ከደሴቷ ደወል ተሰማ። የንግሥ ደወል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብሎ ዝም የሚል፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ ጊዜ። ጀልባዋ ውስጥ ወሬው ተቋረጠ። ክንዱ መሪውን ሳይለቅ ኮፍያውን አወለቀ።

«ምነው በንግሥ ቀን፣ ማን ዐረፈ?» አለ አንዱ።

የሚያውቅ አልነበረም። ሴቶቹ አማተቡ፤ ከዚህም ከዚያም «ነፍስ ይማር» አሉ።

«አሜን» አሉ እማሆይ ወለተ ሥላሴ።