«ጤነኛ» የተባለው ቅጂ

በኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አልወድም፤ ሻይ ይዞ ኪቦርድ ላይ የሚያንዣብብና «ምንም አልነካሁም» የሚል። አባ ሽሮፕ ሁለተኛው ዓይነት ነበሩ።

ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ የምትሠራው ሌላ ከተማ ነው። ላፕቶፑን የገዛችላቸውም እሷ ናት።

መጀመሪያ ይዘውት ሲመጡ ክሳቸው አጭር ነበር። «ካሜራው አጠገብ ያለችው መብራት ሳልነካት ትበራለች። እኔ ደግሞ ፊቴን ማንም እንዲያይብኝ አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት እኔም ራሴ ባላየው ደስ ይለኛል።»

መረመርኩት። ሰላይ ፕሮግራም ገብቶበታል፤ የሚጻፈውን ፊደል ሁሉ እየቀዳ፣ አልፎ አልፎም በካሜራው ፎቶ እያነሳ በኢንተርኔት ወደ ሌላ ሰው የሚልክ ዓይነት። አጠፋሁት። ደግሜ ፈተሽኩና ንጹሕ መሆኑን አይቼ አስረከብኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ተመልሰው መጡ፤ ያው መብራት፣ ያው ፕሮግራም።

«ምን ከፈቱበት?»

«ምንም አልነካሁም።»

አጠፋሁት። አሁንም መጡ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይባላል፤ ሞኙ ከሁለታችን ማን እንደሆነ ግን ገና አልለየም ነበር። በመጨረሻ ተናደድኩና ወንበር ሳብኩላቸው።

«አባባ፣ ይቀመጡ። ከእኔ ወስደው ቤት ሲደርሱ የሚያደርጉትን እዚሁ ያድርጉልኝ። አንድም ሳያስቀሩ።»

መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ኮምፒውተሩን ከፍተው ትንሽ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ፣ አንቺ ጋ ውሎ በመጣ ቁጥር የኔ አይመስልም። ምልክቶቹ ቦታቸውን ይለቃሉ፣ ፊደሉ ያንሳል። የሚያተኩሰው ሰው ነው የሚመስለው።» ይህን እያሉ እጃቸው ሳያመነታ ማሽኑን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰውን ገጽ ከፈተ።

ኮምፒውተር ነገር ሲበላሽበት ወደ ኋላ የሚመለስበት መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ባክአፕ የምንለው ነው። አብዛኛው ደንበኛዬ መኖሩንም አያውቅም። አባ ሽሮፕ ግን ዕድሜ ልካቸውን ጠርሙስ ላይ ወረቀት ሲለጥፉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ቅጂ ስም አውጥተውለታል። «ከጉንፋኔ በኋላ» የሚል አለ። «መብራት የጠፋ ዕለት» የሚልም አለ። ከሁሉ በታች፣ ከሁሉ የቀደመው፣ «ጤነኛ» ይላል። እሱን ሊጫኑ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«ታዲያስ! መድኃኒቱ እያለ ለምን ይሰቃያል?»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። እኔ ከፊት ለፊት ሳባርረው ሰላዩ ቅጂዎቹ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ሁሉም ውስጥ አለ። «ጤነኛ» ውስጥም አለ። አባ ሽሮፕ ማሽናቸው ባተኮሰ ቁጥር ሲያጠጡት የኖሩት ያንኑ የተበከለ ሽሮፕ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይኼን ጤነኛ ያሉትን ማን ሠራው?»

«ልጄ ናታ። ከካርቶኑ አውጥታ፣ አስተካክላ፣ ‹አባዬ፣ ከተበላሸብህ ወደዚህ ተመለስ› ብላ አሳየችኝ። እኔ ስሙን ብቻ ነው ያወጣሁለት። ያን ጊዜ አንዲት ፊደል እንኳ አልጻፍኩበትም።»

እንዲህ ያለ ነገር በአፌ መናገር አልችልበትም። ፕሮግራሙ የቀዳውን የሚልክበትን አድራሻ ውስጡ ስለሚይዝ ፈልጌ አወጣሁትና ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ እንደገና አነበቡት።

«የልጄ ኢሜይል ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኔ እኮ ያቺን ሴት ነው የገደልኳት።»

የገደሉት ሰው እንደሌለ እስኪገባኝ ድረስ ክው ብዬ ቀርቼ ነበር። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ የልብስ ስፌት መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ከአባ ሽሮፕ ቤት ሁለት መንገድ ይርቃል። ጎረቤት እንዳይስቅባቸው ጨዋታቸውን በኢሜይል አደረጉት። እየጻፉ ቆይተው ለመጋባት ተስማሙ፤ ለማንም ግን አልተናገሩም። የሚገርመው ልጃቸው ሁሉን ታውቃለች። ሽርሽር ሊሄዱ ሲሉ ልጅቷ ታመምኩ ትላለች። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሊፈራረሙ በተቀጣጠሩበት ጠዋት «ናፍቀኸኝ ነው» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ደጃፋቸው ላይ ተገኘች። ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አባ ሽሮፕ እሳቸው እንዳላወሩ ያውቃሉ። ስለዚህ ለመምህሯ «ወሬ አቀባይ» ብለው ጻፉላቸው፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ የሚል ጨመሩበት።

«ምን መለሱልዎት?»

«ምንም። አንድ ቃል አልመለሰችም።»

«ታዲያ ሄደው አይነግሯቸውም? ሁለት መንገድ ነው።»

«በሯ ላይ ቆሜ ምን እላለሁ? እኔ በአፌ የጀመርኩትን ጨርሼ አላውቅም፤ ወረቀት ይሻለኛል።»

ቅጂዎቹን ሁሉ ደምስሼ ማሽኑን ከእነሥሩ እንደማጸዳው ነገርኳቸው። እጃቸውን አነሱ።

«ቆዪ። አሁን ብጽፍበት ልጄ ታነበዋለች?»

«ከኢንተርኔት ካገናኘሁት ታነበዋለች።»

«አገናኚው።»

ለልጃቸው የስድብ መዓት ሊያወርዱባት ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን የመምህሯን አድራሻ ጽፈው በሁለት ጣት ፊደል መለቃቀም ጀመሩ። ዞር ማለት ሲገባኝ ከኋላቸው ቆሜ አነበብኩ፤ ያን ሰዓት እኔም ከሰላዩ አልሻልም ነበር።

«የበደልኩሽ እኔ ነኝ» ይላል። «ወሬው የሚወጣው ከገዛ ኮምፒውተሬ ኖሯል። ልጄ ናት ያስገባችው። ብቻዬን ስቀር ፈርታልኝ ይሆናል። የእናቷን ወንበር ሌላ ሰው ሲይዘው ማየትም ከብዷት ይሆናል፤ ተቀምጬ ጠይቄያት አላውቅም። አንቺንም ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ካልመጣሽ አልቀየምም። ከመጣሽ ሰማያዊ ኮትሽን ልበሽ፣ ከሩቅ እንዳይሽ።»

ላኩት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደግፈው ጠበቁ። ሰላዩ የቀዳውን እስኪልክ ድረስ እኔም ጠበቅሁ።

«ደረሰ?»

«ለሁለቱም ደርሷል።»

መደምሰሱን ጀመርኩ። «ጤነኛ» ላይ ስደርስ «እሱን እኔ ላጥፋው» አሉና አጠፉት። ከጸዳው ማሽን አዲስ ቅጂ ወሰድኩላቸውና ምን እንበለው ስላቸው እስከ ሐሙስ ስም አይውጣለት አሉኝ። በሩ ጋ ደርሰው ደግሞ ተመለሱ።

«ከኔ ወገን አንድ ምስክር ያስፈልገኛል። ልጄ ትሆነኛለች ብዬ ነበር የማስበው። አንቺ ትመጫለሽ?»

ሱቄን ዘግቼ ለሰው ጉዳይ መሄድ ልማዴ አይደለም። እሺ አልኳቸው።

ሐሙስ ስደርስ ቀድመውኝ ቆመዋል። ጫማቸው ተወልውሏል፣ ከረባታቸው ግን ወደ ግራ ሄዷል። የያዝኩትን መታወቂያ አሳየኋቸው፤ ጎሽ አሉኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበቡ፤ ሲጨርሱ ከላይ ጀመሩ። ሦስት ሰዓት አለፈ። ሌሎች ሙሽሮች ገብተው ፈርመው ወጡ። ዘበኛው «አባት፣ ሰው ይጠብቃሉ?» ቢላቸው «አይ፣ አየር ልቀበል ብዬ ነው» አሉት። አሳዘኑኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ አሳዘኑኝ። እንሂድ ልላቸው አፌን ስከፍት ከመንገዱ ማዶ ሰማያዊ ኮት አየሁ።

መምህሯ ብቻቸውን አልነበሩም። አጠገባቸው ሻንጣ የምትጎትት ወጣት ሴት አለች። አባ ሽሮፕ አንድ እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ወጣቷ ቀድማ መጥታ ፊታቸው ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«አባዬ» አለች፣ «ደብዳቤህን አልከፈቱትም ነበር። ከዚያ ስድብ በኋላ የላክኸውን ሁሉ ሳያነቡ ነው የሚያጠፉት። ካንተ በቀር የጻፍከውን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ትናንት ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው።»

መምህሯ ቀረብ ብለው የአባ ሽሮፕን ከረባት ወደ መሀል መለሱላቸው። «ሁለት መንገድ ለመሻገር ይኼን ሁሉ ዙረት?» አሏቸው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ አባ ሽሮፕ፤ በአፋቸው ጀምረው ሲጨርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«መታወቂያ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

የእኔን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።