የአሪፋ ለቅሶዎች

አሪፋ በሸዋ ሮቢት ከተማ ለቅሶ የማያመልጣት ሴት ነበረች። ሙስሊም ሞተ ክርስቲያን፣ ብታውቀው ባታውቀው፣ ድንኳን ተተክሎ ካየች ሻሿን ጠበቅ አድርጋ መግባት ነው። ሰዉ "ሰው ወዳድ!" ይላታል። ወይ ሰው መውደድ! እውነቱን ልንገራችሁ፤ የምትሄደው ለመቀመጥ ነበር።

ባሏን አብዱረሂምን ደም ግፊት ጥሎት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው አራት ዓመት ሆነው። ልጅ የላቸውም። ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ በዚያ ሙቀት ጀርባው እንዳይቆስል ማገላበጡ የእሷ ብቻ ነው። ጎረቤቷን እትዬ በላይነሽን "ትንሽ ልረፍ፣ አንድ ከሰዓት ይቀመጡልኝ" ብትላቸው፣ "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" ይላሉ። "ለቅሶ አለብኝ" ስትላቸው ግን "ለቅሶማ ግዴታ ነው!" ብለው ከተፍ ነው። እንግዲህ ምን ታድርግ? ሰው መሞት ነበረበት።

ለቅሶ ቤት ተነሽ የሚላት የለም። ሻይ ያቀርቡላታል። ብታለቅስ ምን ሆነሽ ነው አይሏትም። በተቀመጠችበት ሸለብ ሲያደርጋት እንኳ "ሐዘን አድክሟት ነው" ይሏታል።

አንድ ማክሰኞ ግን ጉድ ፈላ። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለ ድንኳን ገብታ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ፣ የሟቹ ልጅ ሰሀር አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

"እናቴ፣ አባቴን ያውቁት ነበር አይደል? እስቲ ስለሱ አንድ ነገር ያጫውቱኝ" አለቻት።

አሪፋ የሟቹን ስም እንኳ አታውቅም። "ደግ ሰው ነበሩ" አለች። ልጅቷ እጇን ይዛ ቀጣዩን ጠበቀች። አሪፋ ተነስታ ወጣች፤ እንዲያ አፍራ አታውቅም። የሰው ሐዘን ሰረቅሁ፣ ወላሂ ሁለተኛ አልሄድም ብላ ማለች።

አልሄደችምም። በሦስተኛው ሳምንት ሾርባ ስታጎርሰው ማንኪያውን እንደያዘች ሸለብ ያደርጋት ጀመር። ቀኑን ሙሉ የምታዋራው ሰው የላትም፤ አብዱረሂምም አንድ ቃል የሚያወጣው በመከራ ነው። ሾርባው ደረቱ ላይ ሲፈስ ፊቷን ያያል።

አንድ ጠዋት እትዬ በላይነሽ እንዴት አደራችሁ ሊሉ ብቅ ሲሉ፣ አብዱረሂም በደህና እጁ ጠራቸው።

"ካራቆሬ... አጎቴ ሞተ" አለ ምላሱ እየተሳሰረ። "ስልክ ተደወለ። አሪፋ... ትሂድ።"

"ኧረ! ነፍስ ይማር! ሂጂ እንጂ አንቺ፣ ምን ይገትርሻል? እኔ አለሁ!"

አሪፋ ክው ብላ ቀረች። ስልክ የሚባል ነገር አልተደወለም። አጎትየውም እሷ ሳታገባ በፊት የሞቱ ናቸው፤ መቃብራቸውን ያሳያት ራሱ አብዱረሂም ነው። ባሏን አየችው። እሱም አያት፤ ዓይኑን አልሰበረም። ለካ ያውቅ ኖሯል! ከየትኛው ለቅሶ ጀምሮ ይሆን?

"ለለቅሶው ስንት ቀን ይቀመጣሉ?" አለችው።

"ሦስት ቀን" አለ አብዱረሂም። "ሦስቱንም... ሂጂ።"

ያኔ እንባዋ ገነፈለ። እትዬ በላይነሽ ጀርባዋን እያሻሹ "አይዞሽ፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን" አሏት።