ወንዝ የማያሻግር መድኃኒት

እናቴ እትዬ ታየች በሃያ ሁለት ዓመት የሜልቦርን ኑሮዋ የእሑድ ቅዳሴ ቀርቶባት አያውቅም። ባለፈው እሑድ ግን "እግሬን አሞኛል" ብላ ዋይንድሃም ቬል ካለው ቤታችን አልወጣም አለች። ከኢትዮጵያ ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ስለነበር የጉዞ ድካም መስሎኝ ተውኳት። ሰኞ ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ባቷ ላይ የጥርስ ምልክት አየሁ።

"ውሻ ነው። እናኑ ደጅ ላይ፣ ልመጣ ዋዜማ" አለች፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ሁሉ። እናኑ ደብረ ማርቆስ አጠገብ የምትኖር ታናሽ እህቴ ናት።

"ውሻውስ?"

"ያበደ ነበር መሰለኝ። ያገኘውን ሲነክስ አርፍዶ ጎረምሶች ቀጥቅጠው ገደሉት።"

ደነገጥኩ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ነርስ ባልሆንም የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ እንደማይመለስ፣ ክትባቱ ግን ቀድሞ ከተጀመረ እንደሚያድን አውቃለሁ። ቁስሉን በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩላት፤ በማግስቱ ጠዋት ሺፍቴን ሰርዤ ስልክ ላይ ተጣድኩ። የመጀመሪያዋ የክሊኒክ ሠራተኛ "አውስትራሊያ ውስጥ ይህ በሽታ በውሻ ላይ የለም" አለችኝ። ውሻው አውስትራሊያዊ አይደለም ብዬ ጮኽኩባት! አራተኛው ስልክ ላይ ነገሩ የገባው ሐኪም ተገኘ፤ ክትባቱን አስመጥቶ ለስምንት ሰዓት ቀጠረን።

መኪናዬን አስነስቼ ብጠብቅ እማዬ የለችም። ብመለስ ሳሎን ተቀምጣለች።

"ክሊኒኩ የት ነው?"

"ሆፐርስ ክሮሲንግ ነው ያልኩሽ። ቡክ አድርጌያለሁ እኮ፣ ተነሺ!"

"ወንዙን ተሻግሮ?"

"የምን ወንዝ?"

የዌሪቢን ወንዝ ማለቷ ነው። እኔ በየቀኑ ድልድዩን ሳልፍ ከሥሩ ውኃ መኖሩን ልብ ብዬ አላውቅም። ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። እናኑ መድኃኒተኛ ዘንድ ወስዳታለች። ሰውዬው ሥር ወቅጦ ሰጥቷት፣ ከጠጣች በኋላ አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር፣ ከተሻገረች መድኃኒቱ እንደሚረክስ አስጠንቅቋታል። ቤተ ክርስቲያናችንም ከወንዙ ማዶ ነው ለካ!

"እማዬ፣ ውቅያኖስ ተሻግረሽ መጥተሽ?"

"እሱን የተሻገርኩት ሳልጠጣው ነው። ቋጥሬ አምጥቼ እዚህ ነው የጠጣሁት።"

ማር እንኳ በሚወረስበት ኤርፖርት የማይታወቅ ሥር ቋጥራ አሳልፋለች። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። "መርፌውን አልጠላሁም፤ ወዲህ ያምጡልኝ" አለች። ብደውል ክትባቱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ቤት ለቤት አይዞርም አሉኝ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። እናቴን ክፉ ተናግሬያት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን "በድንቁርናሽ ልትሞቺ ነው!" አልኳት።

አልተቆጣችም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ለራሴ መሰለሽ? እየሩም ተነክሳለች። እጇን።"

እየሩ የእናኑ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው።

"ያንኑ ሥር ነው ለሁለት የከፈለልን። እኔ ካረከስኩት የሷም ይረክሳል። እኔስ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ።"

ይህን ሁሉ ሰዓት የተጣላሁት ከግትርነቷ ጋር መስሎኝ ነበር። አፈርኩ፤ ግን ለማፈርም ጊዜ አልነበረኝም። እናኑ ጋ ደወልኩ፤ እዚያ ገና ማለዳ ነው።

"እየሩን ጤና ጣቢያ ወስደሻታል?"

"ኧረ ለምን ብዬ? መድኃኒቷን ጠጥታ የለ እንዴ! እማዬም ጠጥታ ይኸው ደህና ናት።"

ጮኽኩ። ውሻ እጇን የነከሳትን ልጅ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሪ ብዬ ተማጸንኳት። እናኑ "አንቺ ደሞ ፈረንጅ ሆነሻል" ብላ ልትዘጋብኝ ስትል እማዬ እጇን ዘረጋች።

"ስልኩን ስጪኝ።"

ሰጠኋት። ጉሮሮዋን ጠርጋ ተናገረች።

"እናኑ፣ ስሚኝ ልጄ። እኔ ወንዙን ተሻግሬ መርፌዬን ተወግቻለሁ። የኔም የልጅሽም መድኃኒት ረክሷል። አሁኑኑ እየሩን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሩጪ።"

የእህቴ ጩኸት እኔ ድረስ ተሰማኝ። "ምነው እማዬ! ልጄን ገደልሽብኝ እኮ!"

"ሩጪ አልኩሽ" ብላ ዘጋችው። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ከኔ ቀድማ ወደ መኪናው ወጣች። ገብቼ ሞተሩን ሳስነሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታማትብ ነበር።

"ንጂ" አለችኝ። "ዋሽቼ እንዳልቀር።"