አሥራ ሦስት ቀይ ክቦች

ሚስቱ ቀይ ጠመኔ ይዛ ነው የመጣችው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በሩን አልፋ ቀጥ ብላ ሳሎን ገባች። ወንድሟ እጁን አጣምሮ ደጃፉ ላይ ቆመ። ባልየው፣ በያጁ፣ በገዛ ግቢው ውስጥ እንደ እንግዳ ተገትሮ፣ ሚስቱ ግድግዳው ላይ ክብ ስትስል በመስኮት ያያል።

አንድ። ከሶፋው በላይ፣ ቡጢው ጆሮዋን ስቶ ግድግዳ ውስጥ የገባበት። ሁለት። የሞላ ሳህን የፈነዳበት። ሦስትና አራት መኝታ ቤቱ በር ጎን ናቸው፤ ቆልፋበት ተደብቃ፣ እሱ በእግሩ እየረገጠ የገባ ቀን። እንዲህ እንዲህ እያለች አሥራ ሦስት ደረሰች።

"በእጅህ እንዳፈረስከው በእጅህ ትደፍነዋለህ" አለችው ስትወጣ። ከሦስት ወር በፊት የጠመዘዘው የግራ እጇ ዛሬም በደንብ አይዘረጋም። "ቀለም ቀቢ ብትቀጥር ዓይንህን አላይም። ቤቱን ሙሉ ራስህ ትቀባዋለህ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ እንገባለን። ካልሆነ ፍቺውን እፈርማለሁ፤ ልጅህንም በፎቶ ታያታለህ።"

ምን ነካት የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። ሰውየው እኮ ጭንቅላቷን ከኩሽና ማዕዘን ጋር ያላተመ ሰው ነው! ሰክሮ ነው እንዳትሉ ደግሞ፤ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ቁጣው በባዶ ሆዱ ነው የሚመጣው። ግን አሥራ አንድ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው፤ ልጅቷም ጥለውት ከወጡ ወዲህ አክስቷ ቤት ሆና "አባዬስ?" ማለቷን አልተወችም። እናት ምን ታድርግ!

በያጁ በዚያው ቀን ቀለም ሱቅ ሄደ። ሻጯ ከጣሪያ እስከ ወለል በተደረደረ ጣሳ መሐል የተቀመጠች፣ አፏ የማይዘጋ ሴትዮ ናት።

"እሺ ወንድሜ፣ ውድ ውዱን ተወው" አለችው አቅሙን ከነገራት በኋላ። "አንድ ትልቅ ባልዲ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ያዝ። ይቺን ቢጫ ማቅለሚያ ጠብ ጠብ አድርግባት፤ የቅቤ መልክ ታወጣልሃለች። የመጀመሪያውን ዙር በውሃ አቅጥነው፣ ሁለተኛውን እንዳታቀጥነው። አንድ ሩሎ ይበቃሃል፤ ሥራ በጨረስክ ቁጥር እጠበው። ለወለሉ ጨርቅ አትግዛ፣ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፍበት።"

"ቀዳዳስ?"

"ስንት ነው?"

"አሥራ ሦስት።"

ሴትዮዋ ቀና አለች። መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ የጠባሳ ብዛት ያወፈረውን የጣቱን አንጓ አየች። "እናንተ ቤት ምን ነበር፣ ጦርነት?"

እሱ አልሳቀም። እሷም ወዲያው ተወችው።

"ጀሶ ነው የሚያስፈልግህ። ጀሶ ደግሞ ችኩል ሰው አይወድም። በማንኪያ በማንኪያ አቡካ፤ ካበዛኸው እጅህ ላይ ድንጋይ ይሆናል። ከደፈንክ በኋላ ቀን ከሌሊት ይድረቅ። እርጥብ ላይ ከቀባህ ቀለሙ አይይዝልህም፣ በነካኸው ቁጥር ይነሳል። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

ከጋራዡ የሳምንት ፈቃድ ወስዶ ሰኞ ጠዋት ጀመረ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ጠርዙን ፋቀ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ውሃ ረጨበት፣ ጀሶውን በስፓቱላ ሞላው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ቢያሸው ልስልስ አለ። እንዴ! ይሄን ያህል ቀላል ነው? ደስ አለው፤ ማፏጨት ሁሉ ጀመረ።

ሰባተኛው ላይ ፉጨቱ ቆመ። ኩሽና ውስጥ ማዕዘኑ ላይ ያለው ነው። ስንጥቁን በስፓቱላ ሲጎረጉር ክር የመሰለ ነገር ያዘው። ሳበው። ረጅም ጥቁር ፀጉር ነው። ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ መጣ። ጫፉ ላይ የደረቀ ደም አለበት።

ያን ቀን የጠፋው ነገር ቢኖር ጨው ነው። ሾርባው ጨው አነሰው። "ቆይ ላምጣልህ" አለችና ዞረች፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ ብሎ ከኋላ ፀጉሯን ጨመደደ። አንዴ አላተማት። ሁለቴ። በሦስተኛው ላይ ሐብሐብ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ ጉልበቷ ከዳት፤ እሱ ግን ፀጉሯን ስላልለቀቀ ቶሎ አልወደቀችም። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ጆሮዋን ይዛለች። እሱ ጨው አውርዶ ሾርባው ላይ ነሰነሰና ተቀምጦ በላ። በላ እኮ ነው የምላችሁ!

አሁን ፀጉሩን እንደያዘ የዕቃ ማጠቢያው ላይ አስመለሰው። ይበለው። ከዚያ አፉን ተጉመጠመጠና ሰባተኛውንም ደፈነው።

ረቡዕ የልጁን አልጋ ከግድግዳው ሲያርቅ አሥራ አራተኛ ቀዳዳ አገኘ። ቀይ ክብ የለበትም፤ ሚስቱ አታውቀውም ማለት ነው። ውስጡ የታኘከ ወረቀት ተጠቅጥቋል፣ ከላዩ የጥርስ ሳሙና ተለቅልቋል፣ ግድግዳ እንዲመስል። ወዲያው ትዝ አለው። እናትየው ገበያ ወጥታ ነበር። ልጅቷ እየሳቀች አንድ እግር ጫማውን ደበቀችበት፤ አፍንጫው ብረት ያለውን የሥራ ጫማ። እሱ ሌላኛውን እግር አንስቶ ወረወረባት። ጫማው ፀጉሯን ዳሶ ግድግዳውን በሳው። ስምንት ዓመቷ ነበር። እየተንቀጠቀጠች "ለእማዬ አልነግርም፣ አልነግርም" አለችው። አልጋውን ብቻዋን ገፍታ የደበቀችው ከዚያ በኋላ መሆን አለበት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ከለቅሶው ሥር ደስታም ነበረበት። ልጄ አላጋለጠችኝም ብሎ ደስ አለው። ሕፃኗ የሱን ጉድ በጥርስ ሳሙና ስትመርግ እሱ ኮራባት! እኔን ያሳረረኝ ይሄ ነው፤ ከሾርባውም በላይ።

ዓርብ ማታ አሥራ አራቱም ቀዳዳ ተደፍኖ ቤቱ ቅቤ መሰለ። ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣውን ሰብስቦ ወለሉን ወለወለ። ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰ። የቀረው ኮሪደሩ ላይ የቆመውን መሰላል ማውጣት ብቻ ነው። አነሳው፤ ጫፉ ላይ የተረፈ ቀለም ያለበት ባልዲ መኖሩን ረስቶታል።

ባልዲው ትከሻው ላይ ተገለበጠ። ሸሚዙ፣ ሱሪው፣ የተወለወለው ወለል፣ ሁሉም በቅቤ ቀለም ተነከረ።

አላሰበም፣ አልተነፈሰም፤ እጁ ቀደመው። ግድግዳውን በቡጢ መታው። የኮሪደሩ ግድግዳ ስስ ነው፤ ገባለት። ደገመው። ሠለሰው። ባልዲውን በእርግጫ አነሳው። "ለምን! ለምን! ለምን!" እያለ የሚጮኸው በማን ላይ እንደሆነ እንጃለት። ሲበርድለት እጁ እስከ አንጓው ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ደሙ በአዲሱ ቀለም ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት።

ክው አለ። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የቀረው።

የቀረውን ጀሶ በሙሉ ሳህን ላይ ዘርግፎ ውሃ ቸለሰበት። ገና አንድ ሁለቴ ሳያነሳ ድንጋይ ሆነበት። ሳህኑን ወለል ላይ ከሰከሰው። ከከረጢቱ ጥግ የተራረፈውን አራግፎ በማንኪያ አቦካ፣ ደፈነ፣ ደለደለ። ካውያውን ሰክቶ አግሎ ግድግዳው አጠገብ ያዘ፤ በግራ እጁ፣ ምክንያቱም ቀኙ አብጦ አልጨበጥ ብሎታል። ጀሶው እንፋሎት አወጣ እንጂ አልደረቀም። የቀለም ሻጯ ነገር ጆሮው ላይ ቢያቃጭልም ቀለሙን ደረበበት። ወለሉን ወለወለ፣ ልብሱን ቀየረ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ። ራቅ ብሎ ቢያየው ምንም አያስታውቅም። "አበቃ" አለ ለራሱ። "ከዚህ በኋላ አይለምደኝም።" ስንተኛው አይለምደኝም እንደሆነ እሱም አልቆጠረው።

በስምንት ሰዓት መጡ። ወንድሟ መኪና ውስጥ ቀረ። ሚስቱ ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች ሳሎኑን አየች፣ ኩሽናውን አየች፣ ማዕዘኑን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሻንጣዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። በያጁ ሻንጣው መሬት ሲነካ የሰማው ድምፅ በሕይወቱ ከሰማው ሁሉ ደስ የሚል ነበር።

"ጣሪያውን ግን ድመት ነው የቀባው?" አለች። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቀልዷ ናት። ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ልጅቷ ክፍሏን ለማየት በኮሪደሩ ገባች፤ መዳፏን ግድግዳው ላይ እየጎተተች። መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች። መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ቀለም ይዞታል። ግድግዳውን አየች። ዞር ብላ አባቷን፣ ቀጥሎ ኪሱ ውስጥ የገባውን እጁን አየች። አልጠቀሳትም፣ አልለመናትም። እሷ ግን መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠራረገችና ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆመች።

"እማዬ፣ ኩሽናው ደስ አይልም? ሂጂና ደግመሽ እይው እስቲ!" አለች።

እናትየው እጇን ዘረጋችላት። "ነይ እስቲ የኔ እናት።"

"እዚሁ ይሻለኛል።"

"ነይ አልኩሽ።"

መጣች። የሰማያዊ ቀሚሷ ጀርባ በቅቤ ቀለምና በእርጥብ ጀሶ ተጨማልቋል። እናትየው ወደ ግድግዳው ሄዳ አንድ ጣቷን ብታስጠጋ፣ ጣቷ እስከ አንጓው ገባ።

ወደ ባሏ አልዞረችም። ልጇ ፊት ተንበረከከች። "እኔ የማላውቀው ሌላም አለ?"

ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት አባቷን አየች። ይሄው ነው። ለእናትየው ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

"ባልዲው ነው እኮ... አንዴ ብቻ..." አለ በያጁ፤ ሊለምን ያበጠውን እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። እጁ ሲነሳ ልጅቷ ሁለት ክንዶቿን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ኩርምት አለች።

ሚስቱ ሻንጣዋን አነሳች። "ቤቱማ አምሯል" አለች። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ልጇን በደህና እጇ ይዛ ወጣች።

እሱ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። እርጥቡ ቀለም ላይ የልጁ ጀርባ ታትሟል፤ ሁለት ትንንሽ ትከሻዎች፣ በመሐላቸው ደግሞ የሹሩባዋ ጫፍ።

የመኪናው በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ የሩጫ ኮቴ። ልጅቷ ከእናቷ እጅ አምልጣ ተመልሳ መጣች፤ ደጃፉ ላይ ግን ቆመች፣ ወደ ውስጥ አልገባችም።

"አባዬ፣ እኔ አልነገርኳትም እሺ?" አለችው እያለከለከች። "እኔ ምንም አልተናገርኩም አይደል?"

አንቺ ምንም አላጠፋሽም ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ መልሱን እየጠበቀች፣ እጁን ታያለች።