የጽጌረዳዋ ክትር

ስሙኝማ ልጆቼ፤ ጽጌረዳ ክፉ ቀን የሚችል ተክል ነው። ፍየል ይግጠዋል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። በጋ ያጠወልገዋል፣ ዝናብ ሲነካው ይነሣል። የእኔይቱ ያልቻለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባሌን የአለኸኝን እንክብካቤ።

ዘንጓን የሰጠችኝ አንበሳሜ ከተማ ትኖር የነበረችው እኅቴ ሰርክ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከደጇ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አስያዘችኝ። አምና ዐረፈች። ቤቷን የገዙት ሰዎች እናቲቱን ጽጌረዳ ነቅለው ሱቅ ሠሩበት። ከሰርክ እጅ የቀረችኝ እንግዲህ ይህችው አንዲት ናት።

አለኸኝ ሩዝ አብቃይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲያቁር ስለኖረ፣ ተክል ሁሉ ውሃ ውስጥ ካልቆመ የተራበ ይመስለዋል። ሐምሌ እንደገባ አንድ ጧት ብወጣ፣ ጽጌረዳዬን ዙሪያዋን በጭቃ ከትሮ እንደ ሩዝ ችግኝ ውሃ መሀል አቁሟታል።

"አንተ ሰው፣ ምን አረግሃት?"

"ውሃ ያዝሁላት።"

"ጽጌረዳ እኮ ናት።"

"ጽጌረዳስ ብትሆን አትጠጣም?"

ክትሩን በእግሬ ናድሁት። በማግስቱ ተመልሶ ቆሟል። ብንድ ይሠራል፣ ብንድ ይሠራል። ጎረቤታችን እየሩስ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "እትየ ገላነሽ፣ ይሄ ሩዝ መቼ ነው የሚታጨደው?" ትለኛለች።

ቅጠሏ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። አለኸኝ ደግሞ፣ "አየሽ፣ ስትንጅባት ውሃ ጠማት" ብሎ አንድ ጀሪካን ጨመረባት።

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። በጎኗ ቆፍሬ አንዲት ሥር አወጣሁና አፍንጫው ሥር ያዝሁለት። ጠቁራለች፤ ትሸታለች።

"ጥማት ነው ይሄ? ሽንኩርትህን መደብ ላይ ከፍ አርገህ የምትተክለው ለምንድን ነው?"

"እንዳይበሰብስ።"

"ይህችስ?"

"ሽንኩርት ሌላ፣ አበባ ሌላ" አለና ዶማውን ተሸክሞ ወጣ። ከእንዲህ ካለ ሰው ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ወረታ ገበያ ሳለሁ ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቁሮ መጣ። ያን ጧት ክትሩን ሳልንድ ወጥቻለሁ። ዶፍ ከጣለባት የቀረው ሥሯም ያልቃል። ዕቃዬን ሰብስቤ ባጃጅ ገባሁ፤ ሹፌሩ ሰው ካልሞላ አልንቀሳቀስም አለ። እስኪሞላ ጠብቄ ተነሣን።

ስደርስ ዝናቡ ይወርዳል። አለኸኝ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ክትሩን በእጁ ይንዳል። ከሥሯ እስከ ማሳው ቦይ ቀድዷል። ግንዷን ዙሪያውን እንደ ሽንኩርት መደብ አፈር ቆልሎላታል።

"ምን እያረግህ ነው?" አልሁት።

ቀና አላለም። "ሩዙ ውሃ አንሶት ነው። ከዚች ልውሰድለት ብዬ።"

ያ ሁሉ ዶፍ በጀርባው እየወረደ ነው እንዲህ የሚለኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቦዩን ከወዲያ ጫፍ አሰፋሁለት።

መስከረም ሲጠባ ከግንዷ ሥር ቀይ ቡቃያ ብቅ አለ። ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ጠርቶ አሳየኝና አጠገቧ ቁጢጥ ብለን ብዙ ቆየን።

"ገላነሽ" አለኝ፣ "አሁን ትንሽ ውሃ ብናቆርላትስ?"

ዶማውን ከዚያ ቀን ወዲህ የማስቀምጠው ከአልጋዬ ሥር ነው።