በርሜሉ ከዚህ ቤት አይወጣም

ዕድሜ ልኬን የሰው ቧንቧ ስጠግን ኖሬ በገዛ ቧንቧዬ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። ጓደኞቼ ይህን ከሰሙ ወዲህ ሌላ ቀልድ አላማራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓዳዬ ውስጥ ባለው አሮጌ ማቀዝቀዣ ራሴ የጠመቅሁት ቢራ በብረት በርሜል ተቀምጧል። ከበርሜሉ ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ የቱቦው ጫፍ ላይ በመዳፍ የምትያዝ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ አለች። ምላሷን በአውራ ጣት ሲጫኗት ትቀዳለች፣ ሲለቋት ትዘጋለች። ውስጧ ያለችው የጎማ ቀለበት አርጅታ ኖሮ ሳላውቅ ስታንጠባጥብ አደረች። ጠዋት በባዶ እግሬ ስገባ ወለሉ ተቀበለኝና ቀኝ እጄ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል፤ አውራ ጣቴ ግን ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ አይቀበልም።

ልጄ ልትጠብቀኝ ብላ ተመልሳ ቤቴ ገባች። እናቷን ከቀበርን ወዲህ የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ፍርሃቷ ይገባኛል። ያልገባኝ ፍርዷ ነው። በርሜሉ ይውጣ አለች።

«አባዬ፣ ሐኪሙ መጠጥ ተው ብሎሃል።»

«ትቻለሁ። የምጠምቀው ለሰው ነው።»

«ለሰው ከሆነ ከሱቅ ግዛላቸው።»

«እጄ ተሰበረ እንጂ እጄን አልሰጠሁም!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው።

ስንነታረክ ሰንብተን በመጨረሻ ተስማማን። ቅዳሜ ሁለቱ የድሮ ባልደረቦቼ ይመጣሉ፤ ማንም ሳይረዳኝ እኔው እቀዳለሁ። ወለሉ ከደረቀ በርሜሉ ይቀመጣል። አንዲት ጠብታ ከወደቀች ግን ሰፈር የሚዞረው ብረት ገዢ ይወስደዋል። ቃሌን ሰጠሁ። አዲስ ቀለበትም በቧንቧዋ ውስጥ ስለገጠምኩ ልቤ ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ እንግዶቹ ሳይደርሱ ልሞክራት ብዬ ቱቦውን ከበርሜሉ ጋር ባገናኘው፣ ገና ሳልጫናት ታንዠቀዥቀው ጀመር! ቶሎ ነቀልኩት፤ በቱቦው የቀረውን ገንዳ ውስጥ አፈሰስኩና ቧንቧዋን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ክዳኗን በግራ እጄ ፈታሁ። ቀለበቷ የለችም። ተበጥሳ አይደለም፣ ቦታዋን ስታም አይደለም። ጭራሹኑ የለችም።

የፕላስቲክ ክዳን መጠምዘዣ ጥርስ ለስላሳ ነው፤ ችኩል ሰው ክዳኑን አጣሞ ያስገባውና ያበላሸዋል። በኔ ቤት ደንብ ክዳን መጀመሪያ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠብቀው። ይህ ክዳን ቀጥ ብሎ፣ አምሮበት ተገጥሟል። ያን ደንብ ያስተማርኩት ደግሞ የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀምጣ ላደገች አንዲት ልጅ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቧንቧዋን ይደብቃት ወይ ቱቦውን በቢላዋ ይቆርጠው ነበር። የኔ ልጅ ዕቃ አታበላሽም። ቀለበቷን አውጥታ ክዳኑን በወጉ መልሳዋለች። ተናደድኩ። ኮራሁም። መኩራቴ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እንግዲህ ተንቄያለሁ። ልጠይቃት? በፍጹም! ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው አሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማውን፣ ከመነዳሪውን፣ አወጣሁ፤ አንዱን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ በግራ እጄ መቀስ ቀለበት እቆርጥ ጀመር። አንዱ ሞላላ ወጣ፣ ሌላው ተበጠሰ፣ አፌ ጎማ ጎማ አለኝ። በመጨረሻ ቀለበት ሊባል የሚችል ነገር ወጣልኝና ገጠምኩት። ሞከርኩት፤ ያዘ።

እንግዶቹ መጡ። አንዱን ጉሮሮ እንለዋለን፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ሌላው ዳኛው ነው፤ ችሎት ረግጦ አያውቅም፣ ግን ሳይፈርድ አይውልም። ልጄ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጆቿን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ስቀዳ ፈራሁና ምላሷን በግማሽ ተጫንኳት። ብርጭቆው እስከ አፉ አረፋ ሆነ።

«ይሄ የሚጠጣ ነው የሚታጠቡበት?» አለ ጉሮሮ።

ስንቴ ለሰው የተናገርኩት ነው! ይቺ ቧንቧ ቀስ ብለው ከነኳት ታኮርፋለች፤ እስከ መጨረሻው መጫን ነው። ሁለተኛውን እንደዚያ ቀዳሁት። ጥርት ብሎ ወረደ።

«ግራህ ከቀኝህ ይሻላል» ሲል ፈረደ ዳኛው። «ድሮውንስ ቀኙን ማን እመነው አለህ?»

ስቀን ሳናበቃ ቧንቧዋ አፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥላ አየሁ። የከመነዳሪ ነገር፤ ደጋግመው ሲጫኑት ከቦታው ይሸሻል። በመዳፌ ልቀበላት ስል አመለጠችኝና ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ጉሮሮ ጣሪያውን ያጠና ጀመር። ዳኛው፣ ያ ሐቀኛ ሰውዬ፣ ጫማውን ቀስ አድርጎ ዘረጋና ረገጣት።

«እግርህን አንሳ» አልኩት። «ወደቀች። አይቻለሁ፤ እሷም አይታለች። ቃሌ ቃል ነው። ብረት ገዢው እስኪመጣ ግን በዚህ ቤት የምቀዳው እኔ ነኝ! ማነው ብርጭቆው የጎደለ?»

ጉሮሮ ብርጭቆውን ዘረጋ። ሞላሁለት። ስለ ቀለበቷ አልተነፈስኩም፤ ልጄን በሰው ፊት አላዋርድም።

እሷ ወደ በርሜሉ ሄዳ ቱቦውን ነቀለችው። በቃ፣ ልታወጣው ነው አልኩ። ግን ዞራ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«ቧንቧዋን ስጠኝ።»

«አልሰጥም!»

«አባዬ፣ ስጠኝ።»

በሌላው እጇ ከሽርጧ ኪስ የጠፋችውን የጎማ ቀለበት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁላቸውም ፊት አስቀመጠች። ዳኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ አጣ። ቧንቧዋን ከእጄ ወስዳ ፈታቻትና የኔን ጉድ በሁለት ጣቷ አወጣችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ከመነዳሪ።»

«በአንድ እጅህ?»

«በአንድ እጄና በጥርሴ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ደግመህ ብትወድቅስ? እኔ ማን አለኝ?» አለች። ቀለበቷን በውሃ አርሳ ቦታዋ አስገባቻት፤ ክዳኑንም አነሳች። አፌን መያዝ አቃተኝ።

«መጀመሪያ ወደ ኋላ…»

«አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ጠቅ አለ።

ቱቦውን ከበርሜሉ ጋር አገናኝታ ቧንቧዋን ግራ እጄ ላይ መለሰችልኝ። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ባዶ ብርጭቆ ዘረጋችልኝ።

«ቅዳልኝ» አለች። «ወለሉን እኔ እወለውለዋለሁ።»